በረንዳውን ለመጨረሻ አቆዩት፦ የኒው ኦርሊንስን የክሪዮል ቤቶች በእግር ዞሮ ለማየት

ኒው ኦርሊንስ ደርሶ የብረት በረንዳ ፎቶ ሳያነሳ የሚመለስ እንግዳ አላየሁም። እኔ እዚህ ከተማ ታክሲ እነዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ደብረ ብርሃን ላይ አናጺ ነበርኩ። ስለዚህ ቤት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣሪያውና ወደ ግድግዳው ነው። ከአትላንታ ወይም ከሂዩስተን ዘመድ ሲመጣብኝ መኪናዬን አቁሜ በእግር የማዞርበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ እየቆማችሁ ስለምትሄዱ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ብትመጡ ይሻላል። በሰኔና በነሐሴ መካከል ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ ጀምሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ጫማችሁ ተረከዝ አይኑረው፤ የኦክ ዛፎች ሥር የእግረኛውን መንገድ ጡብ ፈንቅሎታል። ደግሞ እዚህ አገር "በሰሜን በኩል" ብሎ መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም። የሚሲሲፒ ወንዝ ስለሚጠማዘዝ አቅጣጫው "በወንዙ በኩል"፣ "በሐይቁ በኩል"፣ "ወደ ላይ"፣ "ወደ ታች" ነው። ወደ ላይ ማለት ወንዙ ወደሚመጣበት፣ ወደ ታች ማለት ወደሚፈስበት ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ከወንዙ በተቃራኒው የከተማዋ ጫፍ ያለው ነው። ላይ ሰፈር ታች ሰፈር እየተባለ ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም።

ቡርቦን መንገድ ከሴንት ፊሊፕ ከሚገናኝበት ጥግ ጀምሩ። እዚያ ዛሬ መጠጥ ቤት የሆነ፣ ዘመም ያለ አሮጌ ቤት አለ፤ የላፊት አንጥረኛ ቤት ይሉታል። ወንበዴው ዣን ላፊት አንጥረኛ መስሎ እዚህ የተሰረቀ ዕቃ ይሸጥ ነበር የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ወሬውን ለአስጎብኚዎቹ ተዉላቸውና ልስኑ ወደተላጠበት ግድግዳ ተጠጉ። ቋሚና አግዳሚ እንጨት፣ በመካከሉ ደግሞ የተጠቀጠቀ ጡብ ይታያችኋል። በፈረንሳይኛ ብሪኬት አንትር ፖቶ ይባላል፤ "በቋሚ መካከል ያለ ጡብ" እንደማለት ነው። ጡቡ ከወንዝ ዳር ሸክላ የተሠራ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ይፈረፈራል። ስለዚህ ሸክሙን የሚችለው እንጨቱ ነው፤ ጡቡ ክፍተቱን ይሞላል፣ በላዩ የተቀባው የኖራ ልስን ደግሞ ጡቡን ከዝናብ ይከልለዋል።

ጡብ እንደልብ በማይገኝበት ገጠር በጭቃ ይሠሩ ነበር። ቡሲያዥ ይሉታል፦ ጭቃውን ከኦክ ዛፍ ላይ እንደ ሽበት ጢም ከሚንዠረገግ ግራጫ ተክል ጋር አቡክተው በማገሩ ላይ ይመርጉታል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን መኪና ይዛችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ላይ፣ ዴስትሬሃን ወደሚባለው የድሮ እርሻ ቤት ውጡ። ሻርል ፓኬ የሚባል ነፃ ክልስ አናጺ ከ1787 እስከ 1790 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የገነባው ነው፤ የግድግዳውን ውስጥ ሳይሸፍኑ ለጎብኚ ትተውታል። አክስቴ ከአገር ቤት መጥተው ወስጄ ሳሳያቸው ጠጋ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ "ጭዱን በዚህ ለወጡት እንጂ ይሄማ የእኛው ቤት ነው" አሉ። ከዚያ ወዲያ አስጎብኚዋ የምትለውን አልሰሙም፤ መራጊው ስንት እጅ እንደመረገው ብቻ እንድጠይቅላቸው ፈለጉ።

እግረ መንገዴን፣ እንዲህ ያለ ቤት ላይ ሲሚንቶ የተለሰነበት ካያችሁ እዘኑለት። ጠንካራው ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ለስላሳውን ጡብ ያበሰብሰዋል። እኛም አገር ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ ለጥፈን ከሁለት ክረምት በኋላ እንደ ቅርፊት ሲረግፍ አይተናል።

አሁን በቡርቦን ወደ ታች፣ ወደ ኤስፕላኔድ ሂዱ። ያላችሁበት ሰፈር "የፈረንሳይ ሰፈር" ይባል እንጂ አብዛኛው ቤት ፈረንሳዮች ከለቀቁ በኋላ የተሠራ ነው። በ1788 የስቅለት ዕለት፣ ማርች 21፣ እሳት ተነስቶ 856 ቤት በላ። ዕለቱ ስቅለት ስለነበር ቄሶቹ ደወል አይደወልም ብለው ነው እሳቱ የተስፋፋው ይባላል። በ1794 ደግሞ ሌላ እሳት 212 ቤት ጨመረ። ያኔ ገዢዎቹ ስፔኖች ስለነበሩ ከዚያ በኋላ ቤቱ በጡብ ይሠራ፣ ጣሪያው በሸክላ ይሸፈን የሚል ደንብ አወጡ። የብረት በረንዳውማ ከዚህም የዘገየ ነው፤ በየጥጉ የምታዩት ዳንቴል የመሰለ ቀልጦ የተቀዳ ብረት የበዛው ከ1850 ወዲህ ነው።

ኤስፕላኔድን ስትሻገሩ ማሪኒ ሰፈር ገባችሁ። ዋናው ትምህርት እዚህ ነው። በርናርድ ደ ማሪኒ የሚባል ሀብታም ክሪዮል ከ1805 ጀምሮ የአባቱን እርሻ ቆራርጦ የሸጠበት ቦታ ነው። "ክሪዮል" ማለት በመጀመሪያ እዚሁ ቅኝ ግዛት ውስጥ የተወለደ ማለት ነበር፤ ነጭም ይሁን ጥቁር ወይም ክልስ። ማሪኒ ዳይስ ጨዋታ ነፍሱ ስለነበር አንዱን መንገድ "ክራፕስ" ብሎ በጨዋታው ስም ሰየመው፤ ዛሬ በርገንዲ ተብሏል። "የፍቅር መንገድ" ያለውም ነበር፤ እሱም ራምፓርት ሆኗል። እኔ የድሮዎቹን ስሞች እመርጥ ነበር።

የክሪዮል ጎጆ እንዴት ይለያል? ብዙዎች በር ቁጠሩ ይሏችኋል፦ ፊት ለፊት አራት መክፈቻ፣ ሁለት በርና ሁለት መስኮት ወይም አራቱም በር። ነገር ግን ይህ ብቻውን ያሳስታል፤ ጥንድ "ሾትገን" ቤትም አራት መክፈቻ አለውና። ጣሪያውን እዩ። የጣሪያው አናት ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ፣ አንዱ ክንፍ ወደ እናንተ ሌላው ወደ ጓሮ ከወረደ፣ የክሪዮል ጎጆ ነው። አናቱ ከመንገዱ ወደ ጓሮ የሚዘልቅ፣ ቤቱም ጠባብና ረጅም ከሆነ ሾትገን ነው። ከጓሮው በኩል ፎቅ የተጨመረበትን ደግሞ "የግመል ጀርባ" ይሉታል። ሾትገን የጠመንጃ ዓይነት ነው፤ ስሙን በፊት በር የተተኮሰ ጥይት በጓሮ በር ይወጣል ብለው ያብራሩታል፤ አሠራሩ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ በሄይቲ በኩል መጣ የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ጎጆው ውስጡ አራት ክፍል ነው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ኮሪደር የለውም። ከክፍል ወደ ክፍል በክፍል ውስጥ ነው የሚታለፈው፤ ክሪዮሎቹ ለመተላለፊያ ብቻ ቦታ ማባከን አልወደዱም። ከኋላ በኩል ሁለት ትንንሽ ጓዳዎች፣ በመካከላቸው ክፍት በረንዳ አለ፤ ማድ ቤቱ እሳትን ፈርተው ለብቻው ጓሮ ይሠራል። ኮሪደር ያለው ቤት የሚበዛው በወንዙ ወደ ላይ፣ ኋላ የመጡት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አሜሪካኖች በሰፈሩበት በኩል ነው።

የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ በእግረኛው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ታያላችሁ። አባቫን ይባላል። ስለ ጥቅሙ ስንት ጊዜ አውርቼ፣ በደንብ የገባኝ ግን አክስቴን በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ይዣቸው በወጣሁበት ቀን ነው። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ተቀደደ። ጃንጥላ አልያዝንም። ከአንዱ ጎጆ አባቫን ሥር ተጠግተን ሃያ ደቂቃ ስንቆም ከጉልበት በታች ብቻ ረጠብን፤ ከኋላችን ያለው ልስን ደረቅ ነበር። በኋላ ላሳያቸው ብዬ የመስኮቱን የእንጨት መዝጊያ በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁ፤ ጠንካራ ሳይፕረስ እንጨት ነው፣ ምስጥም ብስባሴም ቶሎ አይደፍረውም። መዝጊያው ተከፈተና አንድ ሰውዬ በፒጃማ ብቅ አለ። አክስቴ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ይቅርታ ጠየቁት። ስለዚህ ልብ በሉ፦ እነዚህ ቤቶች ከፊት በኩል ግቢ የላቸውም፤ ከመንገዱ ጋር ተጣብቀው የተሠሩ ስለሆነ ከመዝጊያው ወዲያ የሰው መኝታ ነው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ በቀዳዳ አትዩ፣ አታንኳኩ።

ፖጀር መንገድ ላይ ዣን ሉዊ ዶሊዮል የሠራው ጎጆ አያምልጣችሁ። ዶሊዮል ነፃ ክልስ ግንበኛ ነበር። ቦታው መንገዱ የሚታጠፍበት ጠማማ ማዕዘን ነው፤ እሱም ቤቱን ከነጣሪያው አጣጥፎ ከቦታው ጋር አስማምቶታል። ጠማማ ቦታ ላይ ጣሪያ ማሰር ምን እንደሚያስለፋ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ባርኔጣውን ያወልቃል። እንዲህ ያሉ ነፃ ጥቁርና ክልስ ባለሙያዎች በዚህ ሰፈር ብዙ ነበሩ። በ1809 እና በ1810 ደግሞ ከሄይቲ አብዮት ሸሽተው ኩባ የተጠለሉ ከ9 ሺህ በላይ ስደተኞች መጡ፤ በግምት ሲሶው ነጭ፣ ሲሶው ነፃ ጥቁርና ክልስ፣ ሲሶው ባሪያ። ከተማዋ በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነች ማለት ይቻላል።

ዋሽንግተን ስኩዌር የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ በሉ፤ ውኃ ጠጡ። ከዚያ ወደ ሐይቁ በኩል ሄዳችሁ ራምፓርትን ተሻግራችሁ ትሬሜ የሚባለው ሰፈር ግቡ። ገቨርነር ኒኮልስ መንገድ ላይ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የተመረቀው በ1842 ነው። በጊዜው የቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ይገዛ ነበር። ነጻዎቹ ጥቁሮች ለቤተሰባቸው መግዛት ሲጀምሩ ነጮቹ ለመብለጥ ተሽቀዳደሙ፤ ጥቁሮቹ በቁጥር በለጧቸው። ከዚያም በሁለቱ ጎን ያሉትን መቀመጫዎች ገዝተው ለባሪያዎች ሰጡ። ከደጅ በሰንሰለት የተሠራ ትልቅ መስቀል ታያላችሁ፤ ስማቸው ላልታወቀ ባሪያዎች መታሰቢያ ነው። እዚህ ጋ እኔ አላወራም፤ እንግዶቼም ዝም ይላሉ።

ጉልበት ካላችሁ በዚያው መንገድ እስከ ክሌበርን ዝለቁ። ራሳችሁ ላይ የሚያጓራው ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ነው። በ1960ዎቹ ሲሠራ በመንገዱ መሃል በአራት ረድፍ የቆሙ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ተቆረጡ፤ የጥቁሮቹ ሱቅና የበዓል ቦታ የነበረውም አብሮ ሞተ። የጎዳናው ምሰሶዎች ላይ ሥዕል ሥለዋል። ፒያሳን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ተመልሳችሁ በራምፓርት በኩል አርምስትሮንግ ፓርክ ግቡ፤ በግራ በኩል ኮንጎ ስኩዌር አለ። በባርነት ዘመን እሑድ እሑድ አፍሪካውያን ተሰብስበው ከበሮ የሚመቱበትና የሚገበያዩበት ቦታ ነበር። እዚህ የሚታይ ቤት የለም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን አሳርፉ። ራምፓርት ላይ ትራም ታገኛላችሁ፤ ዋጋው 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ መልስ ስለማይሰጡ ዝርዝር ያዙ። የበረንዳውን ፎቶ አሁን ብታነሱ ቅር አይለኝም።