የቢኤምደብሊው ኢ30 የኋላ ዲፈረንሻል አቀያየር፦ ከ2.93 ወደ 3.73 ሊሚትድ ስሊፕ

በኢ30 (በቀድሞው የቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ሞዴል) ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሣጥን፣ አውርዶ ሌላ መስቀል ለሁለት ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። አስቸጋሪው ከመኪናው ሥር ያለው ሥራ አይደለም። ዕቃው ሲገዛና ጠረጴዛ ላይ ሳለ የሚታለፍ ነገር ነው በኋላ የሚያስከፍለው፤ ያረጀ ኩሽኔታ ያለው ዲፈረንሻል የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢገጠም መልሶ ያስወርዳችኋል።

ዕቃውን መምረጥ

ኢ30 በሁለት መጠን ዲፈረንሻል ነው የወጣው። ትንሹ 168 ሚሊ ሜትር በአራት ሲሊንደሮቹ 318 ላይ፣ መካከለኛው 188 ሚሊ ሜትር ደግሞ በ325ዎቹ ላይ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ 188 አውርዶ 188 ስለመስቀል ብቻ ነው። ከ168 ወደ 188 መሻገር ዘንጎቹንም መቀየር ስለሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

በ325ኢ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 2.93 ነው፤ በአሜሪካው 325አይኤስ ላይ የነበረው ደግሞ 3.73 ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገታ ዲፈረንሻል)። ቁጥሩ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። ከ2.93 ወደ 3.73 ስትሄዱ በተመሳሳይ ፍጥነት የሞተሩ ዙር በ27 በመቶ ይጨምራል፤ በ2,500 ዙር ይሄድ የነበረው መኪና 3,180 ገደማ ይጠይቃል። አነሳሱ ይፈጥናል፣ በረጅም መንገድ ላይ ግን ድምፁና የነዳጅ ወጪው ይሰማችኋል። የ325ኢ ሞተር ደግሞ ከ5,000 ዙር በታች የሚያበቃ ስለሆነ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ይላል። ሞተሩ ካልተቀየረና መኪናው በአብዛኛው አገር አቋራጭ የሚሄድ ከሆነ 3.73 ጥሩ ምርጫ አይደለም።

የኋላ ሽፋኑ ብሎን ላይ ትንሽ የብረት መለያ ይንጠለጠላል። ከቁጥሩ በፊት የላቲኑ ኤስ ፊደል ካለ ሊሚትድ ስሊፕ ነው። መለያው ከሌላ ዲፈረንሻል ሊመጣ ስለሚችል ግን አትመኑት፤ ቁጠሩ። ሊሚትድ ስሊፕ ከሆነ አንዱን የጎን ፍላንጅ (ዘንጉ በብሎን የሚታሰርበትን ክብ ብረት) ስታዞሩ ሌላውም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል፤ አንድ ሙሉ ዙር እስኪሞላ የፊተኛው ፍላንጅ ሦስት ዙርና ሦስት ሩብ ያህል ከሄደ 3.73 ነው። ተራ ዲፈረንሻል ከሆነ ሌላው በተቃራኒው ይዞራል፤ እንዲህ ሲሆን አንዱን ጎን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር እያዞራችሁ ቁጠሩ። መለያው ኤስ እያለ አንዱን ጎን ይዛችሁ ሌላውን በእጅ ያለ ችግር ማዞር ከቻላችሁ፣ የውስጡ ፍሪሲዮኖች አልቀዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የፊተኛውን ፍላንጅ ያዙና ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉ፣ ሳቡ። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ አትግዙ። ዘይቱን አፍስሱና የማፍሰሻውን ቡሽ ማግኔት እዩ፦ እንደ ቅባት የላመ ጥቁር ዱቄት የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ነው።

ከኢ36 (ከኢ30 ቀጥሎ ከመጣው ሞዴል) የወጣ 188 ካገኛችሁ የኋላ ሽፋኑ አያያዝ የተለየ ስለሆነ የራሳችሁን ኢ30 ሽፋን ታዛውራላችሁ።

ጠረጴዛ ላይ

ግዙ፦ ሁለት የጎን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዝ ቀለበት)፣ አንድ የፊት ፓራኦሊዮ፣ የሽፋን ጓርኒሲዮን፣ ለረጅሙ ዘንግ አራት አዲስ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች፣ የሽፋኑ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎሚኒ (ንዝረት የሚቀበል ጎማ)፣ ሁለት ሊትር 75 ደብሊው 90 የዲፈረንሻል ዘይት። ለሊሚትድ ስሊፕ ዘይቱ የፍሪሲዮን ማለስለሻ የተጨመረበት መሆን አለበት፤ ያለዚያ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳል።

የጎን ፍላንጆቹን በሁለት ረጅም ካቻቢቴ ከሁለት ወገን እኩል እየገፋችሁ አውጡ፤ ውስጥ ያለው የሽቦ ቀለበት ነው የሚይዛቸው። አሮጌውን ፓራኦሊዮ አውጥታችሁ የአዲሱን ከንፈር ዘይት ቀቡ፣ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡት። ፓራኦሊዮው የተቀመጠበትን፣ በስድስት ብሎን የታሰረውን የጎን ክዳን ግን አትፍቱ። ከሥሩ ያሉት ስስ ቀለበቶች የኩሽኔታውን ጫናና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚወስኑ ናቸው፤ ግራና ቀኙ ከተቀያየረ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል።

የፊቱ ፓራኦሊዮ ካላፈሰሰ ተዉት። ካፈሰሰ ዳዶውን ከመፍታታችሁ በፊት ዳዶውን፣ ዘንጉንና ፍላንጁን በአንድ መስመር በጩቤ ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ ስትመልሱ እዚያው ምልክት ላይ አቁሙ። ከውስጥ ያለው ቀለበት አንዴ ተጨፍልቆ የኩሽኔታውን ጫና የሚወስን ስለሆነ፣ ዳዶው ከምልክቱ ካለፈ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበላል። በአየር መፍቻ ማጥበቅ እዚህ ላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሽፋኑ ክፍት ሳለ ሁለት ነገር እዩ። አናቱ ላይ ያለው የአየር መተንፈሻ ከተደፈነ ግፊቱ አዲሱን ፓራኦሊዮ ሳይቀር ዘይት ያስተፋዋል። የፍጥነት መለኪያው ምልክት የሚያነብበት ጥርስ ያለው ቀለበት ደግሞ ውስጥ መኖር አለበት። ኢ30 ፍጥነቱን የሚያነበው ከዚሁ ቀለበት ስለሆነና ቀለበቱ ከጎማው ጋር ስለሚዞር፣ ቁጥሩ ከ2.93 ወደ 3.73 ቢቀየርም የፍጥነት ንባቡ አይዛባም።

ማውረድ

መኪናውን በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ በጽኑ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ። የመሙያውን ቡሽ በ14 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን የውስጥ መፍቻ) ፍቱ፤ እሱ እንደሚፈታ ሳታረጋግጡ የማፍሰሻውን አትንኩ። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው ቆሞ ይቀራል።

ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ሁለቱ ሴሚያሴዎች እያንዳንዳቸው በስድስት ብሎን የታሰሩ ናቸው። ጊዜያችሁን የሚበላው ይኸው ነው። የብሎኑ ራስ ውስጥ ያለውን ጭቃና ቅባት በሹል ነገር ፈልፍላችሁ በብሩሽ አጽዱ፣ ብሩጎላውን በመዶሻ መትታችሁ እስከ ታች አስገቡ፣ ከዚያ ብቻ ፍቱ። ራሱ አንዴ ከተላጠ የሚቀረው መቆረጥ ነው። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የምትደርሱባቸውን ፍቱ፣ ፍሬኑን ለቃችሁ ጎማውን አዙሩ፣ ድገሙት። የተፈታውን ሴሚያሴ በሽቦ አንጠልጥሉት፤ ክብደቱ መጋጠሚያው ላይ ከዋለ መጋጠሚያውን የሸፈነው ጎማ ይቀደዳል።

የረጅሙን ዘንግ አራት ዳዶዎች ፍቱና ዘንጉንም በሽቦ ስቀሉ። ከሽፋኑ የፍጥነት መለኪያውን ሶኬት ንቀሉ። ዲፈረንሻሉ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሰፊ ራስ ያለው ክሪክ ሥሩ አድርጋችሁ፣ አንድ ሰው ሚዛኑን እየጠበቀ፣ የኋላውን የጎሚኒ ብሎን፣ ቀጥሎ ከላይ የሚይዙትን አራት የፊት ብሎኖች አውጡ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) መንገድ ከጋረደ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን አውልቃችሁ ዝቅ አድርጉት።

መስቀል

መኪናው ሥር ሆኖ ዘይት መሙላት አሰልቺ ስለሆነ 1.7 ሊትር ለክታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ። አራቱንም የፊት ብሎኖች በእጅ ሳታስጀምሩ አንዱንም አታጥብቁ፤ ከዚያ በ110 ኒውተን ሜትር። የሴሚያሴ ኤም 8 ብሎኖች በ58፣ የረጅሙ ዘንግ ዳዶዎች በ72፣ የዘይት ቡሾቹ በ50። የኋላው የጎሚኒ ብሎን የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ተሰቅሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቆይና ቶሎ ይቀደዳል።

ከእንግዲህ አንድ ልማድ መቅረት አለበት፦ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንስቶ ሞተር አስነስቶ ማርሽ ማስገባት። በሊሚትድ ስሊፕ መሬት የነካው ጎማ ኃይል ስለሚያገኝ መኪናው ከማቆሚያው ዘልሎ ይሄዳል።

ከአጭር ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን በመለኪያ መፍቻ ድገሙ፣ ፓራኦሊዮዎቹን እዩ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ እስከ መሙያው አፍ መድረሱን አረጋግጡ። ከኋላ ብቻ ተነስቶ ከታየ ዘይቱ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ያለ አግባብ ትጨምራላችሁ። በፍጥነት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ካለ ረጅሙን ዘንግ ከፍላንጁ ፈትታችሁ 180 ዲግሪ አዙራችሁ እሰሩት። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ አንዴ ጓ የሚል ድምፅ ከተሰማ መጀመሪያ የኋላውን ጎሚኒ፣ ቀጥሎ የሴሚያሴ ብሎኖችን መርምሩ። የፍጥነት መለኪያው ዜሮ ላይ ከቀረ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ያን ጥርስ ያለውን ቀለበት።