ኤልደን ሪንግ፦ ማርጊትን እንዴት ማሸነፍ ይቻላል?

ፍሮምሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ኤልደን ሪንግ የተባለ የቪዲዮ ጌም ጀምሮ ማርጊት ላይ ሲደርስ የተወው ሰው ብዙ ነው። ማርጊት ስቶርምቬይል ግንብ ከመግባታችሁ በፊት ድልድዩ ላይ የሚጠብቃችሁ፣ ቀንድና ጭራ ያለው ባለ በትር ግዙፍ ነው። ከግሬሶቹ (ከማረፊያ ነጥቦቹ) የሚወጣው የወርቅ ብርሃን ቀጥታ ወደ እሱ ስለሚጠቁም ጀማሪው ሁሉ ገና በሌቭል 10 ሄዶ ይላተማል። ብርሃኑ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አሁኑኑ ሂዱ አይልም፤ መጀመሪያ ሊምግሬቭን፣ ማለትም የመነሻውን አካባቢ፣ ዙሩ።

ዝግጅት

ከሌቭል 20 እስከ 25፣ ቪገር (የጤና መጠናችሁን የሚወስነው ነጥብ) 20 ገደማ፣ መሣሪያችሁ ደግሞ ሦስት ጊዜ የተሻሻለ፣ ማለትም ፕላስ 3 ቢሆን በቂ ነው። ከሦስቱ አንዱን አስቀድሙ ከተባለ መሣሪያውን ነው የምመክረው። በዚህ ደረጃ ስትሬንግዝ (ጥንካሬ) ላይ አምስት ነጥብ መጨመር የሚያመጣው ለውጥ አይታይም፤ የመሣሪያው ግን ወዲያው ይታያል።

መሣሪያ ከሚያሻሽለው ስሚዚንግ ስቶን፣ ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ለፕላስ 1 ሁለት፣ ለፕላስ 2 አራት፣ ለፕላስ 3 ስድስት፣ በድምሩ 12 ድንጋይ ያስፈልጋል። ሦስቱን ኤሌህ ቤተ ክርስቲያን ያለው ነጋዴ ካሌ ይሸጥላችኋል። የቀረውን ከአጊል ሐይቅ በስተሰሜን ካለው የሊምግሬቭ ዋሻ ግድግዳ ላይ ትለቅማላችሁ። አንጥረኛ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ኤሌህ ያለው ጠረጴዛ እስከ ፕላስ 3 ይሠራል። ሁለት ሦስት መሣሪያ እያፈራረቁ ድንጋዩን መበተን የተለመደ ጥፋት ነው፤ አንዱን ይዛችሁ ጽኑ። ማርጊት ስለሚደማ እንደ ኡቺጋታና ያለ አድሚ ሰይፍ ካላችሁ ምርጫው እሱ ነው።

በፈረሳችሁ ወደ ምሥራቅ ጎራ ብላችሁ ሦስተኛውን የማሪካ ቤተ ክርስቲያን እዩ። ፍላስኩ (የምትጠጡት የጤና ጠርሙስ) በአንድ ጊዜ የሚመልሰውን ጤና የሚጨምረው እንባ እዚያ አለ። ዎንድረስ ፊዚክ የተባለው ልዩ ፍላስክም እዚያው ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ቀይ እንባ የጤናችሁን ግማሽ በአንዴ ይመልሳል። ከደቡብ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ ሦስት እንባ ይገኛል። መንገዱ ረዘም ቢልም ሌቭላችሁም አብሮ ስለሚያድግ አያስቆጭም።

ፈረሱን በግሬስ ከምትገለጥላችሁ ሴት ከሜሊና ከተቀበላችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ኤሌህ ስትሄዱ ሬና የምትባል ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሴት ታገኛላችሁ። መንፈስ የሚጠራውን ደወልና የሦስት ተኩላዎችን አመድ ትሰጣችኋለች። «በመንፈስ እርዳታ ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም» የሚሉትን አትስሙ፤ ደወሉ የጨዋታው አካል ነው። ኔት ስለማይፈልግ ደግሞ መስመር በተቆራረጠ ቁጥር አብሮ የሚጫወት ሰው ከመለመን ያሳርፋችኋል። ተኩላዎቹ 55 ኤፍፒ (የአስማት ኃይል፣ ሰማያዊው መስመር) ይበላሉ፤ በዚያ ልክ ያዙ።

ስለ ክብደትም አንድ ነገር፦ የለበሳችሁትና የያዛችሁት ከአቅማችሁ 70 በመቶ ከደረሰ ገጸ ባሕሪያችሁ እየተንከባለለ ሳይሆን እየወደቀ ነው የሚሸሸው። እንዲያ ሆኖ ማርጊትን መግጠም ከንቱ ድካም ነው። ደረት መሸፈኛውን አውልቃችሁም ቢሆን ከ70 በታች ውረዱ።

ዋናው ችግር፦ ቀድሞ መሸሽ

ማርጊት ሰው የሚገድለው በፍጥነቱ አይደለም፤ በማዘግየቱ ነው። በትሩን ከራሱ በላይ ያነሣል፣ እዚያው ይይዘዋል፣ እናንተ ደንግጣችሁ ተንከባልላችሁ ስትነሡ ያኔ ያወርደዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ነው። ከሌሎች ጌሞች የመጣ ተጫዋች ክንድ ሲነሣ መሸሽ ለምዷል፤ ማርጊት የተሠራው ያንን ልማድ ለመቅጣት ነው።

መፍትሔው የምታዩትን መቀየር ነው። በትሩን አትከተሉ፤ ትከሻውን እዩ። ክንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ምንም አታድርጉ፣ ጣታችሁን ከቁልፉ ላይ አንሡ። ትከሻው ወደፊት መውረድ ሲጀምር ያኔ ሰርክልን (በፕሌይስቴሽን የመንከባለያውን ቁልፍ) ነካ አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በኤልደን ሪንግ መንከባለሉ የሚጀምረው ቁልፉን ስትጫኑት ሳይሆን ስትለቁት ነው፤ ተጭኖ መያዝ የሩጫ ትእዛዝ ስለሆነ። ስለዚህ በፍርሃት ሰርክልን ጨምድዶ የሚይዝ ሰው በሰዓቱ ተጭኖም ቢሆን ይመታል። ነካ፣ ለቀቅ።

አቅጣጫውም ወደ ኋላ አይሁን። በትሩ ረጅም ስለሆነ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው ጫፉ ላይ ይገኛል። ወደ እሱ፣ በጎኑ በኩል ግቡ። ከኋላው ግን አትደላደሉ፤ በጭራው ይጠርጋችኋል።

ይህን ለመለማመድ አንድ ሙሉ ፍልሚያ ሳትመቱት ተጫወቱ። አንድም ጊዜ አር ዋን (የመምቻውን ቁልፍ) ሳትጫኑ፣ እየሸሻችሁ ብቻ። ብትሞቱም የሞተ የሚነሣበት የማሪካ ምሰሶ አጠገቡ ስለሆነ እዚያው ትነሣላችሁ። ያላችሁን ሩን (የጨዋታውን ገንዘብ) ቀድማችሁ ሌቭል ላይ ካዋላችሁት ደግሞ የሚጠፋ ነገር የለም።

መቼ መምታት

ከዘገየው ምት በኋላ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ መምታት ይቻላል። ሦስተኛው ስግብግብነት ነው፤ በግራ እጁ ከየት መጣ ሳትሉት የወርቅ ጩቤ አውጥቶ ይመልስላችኋል። አረንጓዴውን የጉልበት መስመር አሟጣችሁ አትምቱ፤ ለአንድ መንከባለል የሚበቃ ይትረፍ።

ከባድ መሣሪያ የያዘ ሰው ዘልሎ በአር ቱ (በከባድ ምት ቁልፍ) ይምታ። የዝላይ ከባድ ምት ሚዛኑን ቶሎ ያሳጣዋል፤ በተከታታይ ሲያርፍበት ማርጊት ይንበረከካል። ያኔ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አር ዋን ስትጫኑ ከባዱ ምት ይወጣል። ተንበርክኮ ሳለ ከጎኑ ሆኖ መቀጥቀጥ ዕድሉን ማባከን ነው።

ፍላስክ ርቃችሁ አትጠጡ። ርቀት ደኅንነት ይመስላል፤ እሱ ግን ከሩቅ ጩቤ ይወረውራል፣ ዘልሎም ይደርስባችኋል። ምት አምልጣችሁ ገና ሳይነሣ ወይም ፊቱን ወደ ተኩላዎቹ ሲያዞር ጠጡ።

ሁለተኛው ምዕራፍ

ጤናው ወደ ግማሽ ሲቃረብ የወርቅ መዶሻ ያወጣል፤ ወደ ላይ ዘልሎ በእሱ ይወርዳል። አሁንም ሕጉ ያው ነው፦ ሲዘል ሳይሆን ሲወርድ ተንከባለሉ። መዶሻው መሬት ከነካ በኋላ ለመነሣት ስለሚዘገይ ከፍልሚያው ሁሉ ምርጡ ክፍተት ይኼ ነው። የወርቅ መሣሪያዎቹ ቅዱስ ጉዳት ስላላቸው ጋሻችሁ ተራውን ምት መቶ በመቶ ቢያግድም ከእነዚህ የሚያልፍ ይኖራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጋሻ የረዳው ሰው እዚህ ግን መንከባለል ላይ ይደገፍ።

ፊዚኩን ለዚህ ሰዓት አቆዩት። ተኩላዎቹን በተቃራኒው ገና በሩን እንዳለፋችሁ ጥሩ፤ ማርጊት ሲጀምር ቀስ ብሎ ስለሚራመድ ጊዜ ትገዛላችሁ።

አሁንም ካልሆነ

መርክዋተር ዋሻ ውስጥ ያለው ፓቸስ የማርጊትን ሰንሰለት በ5,000 ሩን ይሸጣል። መጀመሪያ ይዋጋችኋል፤ እጅ ሲሰጥ መምታት አቁሙ፣ አለበለዚያ ሱቁን ገደላችሁት ማለት ነው። ሰንሰለቱ ማርጊትን ለጥቂት ሰከንድ መሬት ላይ ያስረዋል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። በእኔ ግምት በዚያ ገንዘብ ሌቭል መጨመር ይሻላል፤ ምክንያቱም የሚያስቸግረው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ወደ ማርጊት ከሚያስገባው የጭጋግ በር አጠገብ ያለው የወርቅ ምልክት ግን ነጻ ነው፤ አስማተኛው ሮዢየር መጥቶ አብሯችሁ ይገባል።

ከግንቡ በስተምሥራቅ ደግሞ በፈራረሰ ድልድይ በኩል ወደ ቀጣዩ አካባቢ ወደ ሊዩርኒያ የሚያሳልፍ መንገድ አለ። ማርጊትን ሳይነኩ አልፎ፣ ጠንክሮ መመለስ ይቻላል፤ የትም አይሄድም።

ሲወድቅ 12,000 ሩንና ተጨማሪ ታሊስማን (ኃይል የሚሰጥ ክታብ) የሚያስይዝ ከረጢት ይሰጣችኋል። ሩኑን ይዛችሁ ወደ ግንቡ አትሩጡ፤ የሚወጣውን ግሬስ ነክታችሁ እዚያው ሌቭል ላይ አውሉት። በሩ ላይ ያለው ጎስቶክ በጎን ባለው ቀዳዳ ግቡ ይላችኋል፤ ሰውየው የማይታመን ቢሆንም ይቺን ምክር ተቀበሉት፤ በዋናው በር የቀስት መድፎች ተደግነዋል።