የሰጣችሁት ውሻ ተመልሶ እንዳይመጣ

ደሴ ላይ የመንገድ ውሻ ለሰው ሰጥታችሁ በሦስተኛው ቀን በራችሁ ላይ ተኝቶ ካገኛችሁት፣ መላው አሮጌ ጆንያ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ጆንያው ላይ አስተኙት። ወሳጁም አንድ ሁለት ቀን መጥቶ በእጁ ያብላው። ከዚያ ከነጆንያው አስረክቡት። ጆንያው አይታጠብ፣ ቢሸትም! ውሻ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ስለሚያምን የራሱ ሽታ ያለበትን ቦታ ቶሎ ይለምደዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ከግቢ አይውጣ።

ፈላጊ ከጠፋ ኩታበር አካባቢ በግ የሚያረቡትን ጠይቁ፤ በጅብ የተማረረ ሰው ውሻ አይጠላም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳታስወጉት አትስጡ። ሰው የነከሰ ወይም ለሃጩን የሚያዝረበርብ ከሆነ ደግሞ አትጠጉት፣ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።