ሬጉሌተር ተቀይሮ ዕቃው አልሰራ ሲል

ሬጉሌተር (የሚገባውን ቮልት ቀንሶ ቋሚ ቮልት የሚያወጣው ባለ ሶስት እግር ክፍል) ሲቀየር አብዛኛው ሰው የሚያየው ቮልቱን ብቻ ነው፣ 5 ቮልት በ5 ቮልት ከተተካ በቃ ይላል፣ ግን የእግሩ አቀማመጥ፣ የሚገባው ቮልትና ካፓሲተሩ (ቻርጅ ይዞ ቮልቱን የሚያረጋጋው) ካልገጠመ ዕቃው ወይ አይነሳም ወይ ጭራሽ ቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

ገና ሲሰካ የሚግል ከሆነ ወይ የሚወጣው ቮልት ከ5 ጋር የማይገናኝ ከሆነ መጀመሪያ እግሩን እዩ። 7805 (የተለመደው የ5 ቮልት ሬጉሌተር) ጽሑፉን ወደናንተ ስታዞሩት ከግራ ኢንፑት (መግቢያ)፣ ግራውንድ (ኔጋቲቭ)፣ አውትፑት (መውጫ) ነው፣ ኤልኤም 317 (የሚያወጣው ቮልት በሬዚስተር የሚስተካከል ሬጉሌተር) ግን አድጀስት (ማስተካከያ)፣ አውትፑት፣ ኢንፑት ነው፣ መልካቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ሌላ ጠፍቶ የግድ 317 ካስገባችሁ እግሮቹን በሽቦ አቀያይሩና ከአውትፑት ወደ አድጀስት 240 ኦም፣ ከአድጀስት ወደ ግራውንድ 720 ኦም አድርጉ፣ 5 ቮልት ይሰጣችኋል (720 ካጣችሁ ሶስት 240 በተከታታይ በይዱ)። ጀርባውም አይረሳ፣ የ7805 ጀርባ ግራውንድ ነው የ317 ግን አውትፑት ነው፣ ስለዚህ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ቦርዱን ወይ የዕቃውን የብረት ሳጥን የሚነካ ከሆነ ያለ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) እና ያለ ፕላስቲክ ዋሸር ካሰራችሁት ሾርት ነው።

ዕቃው እየበራ የሚጠፋ ከሆነና ስትለኩት 4 ቮልት ምናምን ካያችሁ የሚገባው አንሶታል ማለት ነው። 7805 5 ለማውጣት ወደ 7 ቮልት ይፈልጋል፣ የድሮው ኤልኤም 2940 (በትንሽ የቮልት ልዩነት የሚሰራ ሬጉሌተር) ከነበረ ግን በ6 ቮልትም ይሰራ ነበር፣ ስለዚህ እዛ ቦታ 7805 አይሆንም፣ ራሱን 2940 ፈልጉ። ተገላቢጦሹም አለ፣ የሚገባው ሲበዛ፣ ኤኤምኤስ 1117 የሚባለው ሬጉሌተር ከ15 ቮልት በላይ አይችልም፣ 7805 ግን እስከ 35 ይችላል።

በጣም የሚያደክመው ግን መልቲሜትሩ ልክ 5 ቮልት እያሳየ ዕቃው ስታክ ሲያደርግ ወይ ድምፁ ሲንጫጫ ነው። 2940 አውትፑቱ ላይ ቢያንስ 22 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር እግሩ ስር ካላገኘ ራሱ ይርገበገባል (ቮልቱ በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል)፣ ትንሿን ሴራሚክ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት፣ ደህና ኤሌክትሮላይቲክ ጨምሩበት።

ትንሽ ሰርቶ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ሙቀት ነው፣ 12 ገብቶ 5 በግማሽ አምፒር ሲወጣ 3.5 ዋት ሙቀት አለ፣ ሂትሲንክ የግድ ነው።

አዲሱን ከበየዳችሁ በኋላ ወዲያው ቦርዱን አትስጡት፣ የአውትፑቱን መስመር ለይታችሁ 10 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ጫኑበት፣ ግማሽ አምፒር እየሳበ 5 ቮልቱ ካልወረደ ያኔ አገናኙት።