የጥንቸል ዓይን ሲገፋ መጀመሪያ አገጯን ዳብሱ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ጥንቸል ማኖር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ለልጆቼ ብዬ ነው። ባለፈው ክረምት የአንዷ ጥንቸላችን የዳማ ግራ ዓይን ወደ ውጭ ተገፍቶ ሳየው "ዕጢ ነው፤ አለቀላት" ብዬ አለቀስኩ። ዕጢ አልነበረም። ከዓይኗ ጀርባ መግል ቋጥሮ ኖሯል፤ መነሻውም የመንጋጋ ጥርሷ ሥር ነው።

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ሣርና ድርቆሽ ካልሞረደው የላይኛው ጥርስ ሥር ወደ ዓይን ጉድጓድ፣ የታችኛው ደግሞ ወደ አገጭ ይገፋል። ስለዚህ በድሮ ነጠላ እግሯን ጭምር ጠቅልሏት (ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች)፤ ከዚያ የአገጯን ጠርዝ በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ሂዱ። ጉብታ አለ? ለሃጯ አገጯን አርሶታል? ድርቆሹን ትታ ለስላሳ ለስላሳውን ብቻ ትመርጣለች? ዳማ ሦስቱም ነበሩባት፤ እኔ ግን ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው።

ቀጥሎ ከአናቷ በላይ ሆናችሁ ሁለቱን ዓይኖች አስተያዩ። አንዱ ብቻ ከወጣ ከኋላው የሚገፋው ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜ መግል ነው። ሁለቱም ከወጡና ጭንቅላቷ ሲያቀረቅር ከባሰ ግን ደረቷ መታየት አለበት፤ እዚያ የበቀለ ዕጢ ከራስ የሚመለሰውን ደም ያግዳል።

በስልክ መብራት ብሌኗ አጠገብ ነጭ ወይም ቢጫ እብጠት ካያችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ኢንሴፋሊቶዙን ኩኒኩሊ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ሌንሷ ውስጥ ይገባና በኋላ ይሰነጥቀዋል። ዕጢ ይመስላል፤ ሕክምና ግን አለው። የዓይን ዕጢ በጥንቸል ላይ ብርቅ ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀውም በላቦራቶሪ ነው።

እባካችሁ አሞክሳሲሊን በአፏ አትስጡ። እኔን አንድ መድኃኒት ቤት ሽሮፑን ሊሸጥልኝ ነበር፤ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጨርሶ ሊገድላት ይችላል። የሰው የዓይን ጠብታም አትንኩ። እብጠቱንም አትጭመቁት፤ የጥንቸል መግል እንደ አይብ የረጋ ስለሆነ አይፈስም።

እኔ ቴዎድሮስ ግቢ ወዳለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው የወሰድኳት። ስትሄዱ ድርቆሽ ያዙላት፤ ጥንቸል ስለማታስመልስ ለቀዶ ሕክምና ተብላ በረሃብ አታድርም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ባጃጅ ጥሩ።