በጎልማሳነት ዕድሜ ማንነትንና የሕይወት ዓላማን እንዴት መመርመር ይቻላል?

ባሕር ዳር ከሌላ አካባቢ በመጡ ሰዎች ያደገች ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምርና በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ ተማሪ መቀበል ሲጀምር ብዙዎች ለእንጀራና ለትምህርት ወደ ጣና ዳርቻ መጡ፤ ዛሬም በምደባ፣ በዝውውርና በትዳር የሚመጣው ጥቂት አይደለም። እንዲህ መጥቶ ሥራ የያዘ፣ ቤተሰብ የመሠረተና በእድርተኞቹ ዘንድ የተከበረ ሰው ሠላሳውን ወይም አርባውን ካለፈ በኋላ «እኔ ማን ነኝ? የምደክመውስ ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲያድርበት ብዙውን ጊዜ ያፍራል፤ ጥያቄውን የጎረምሳ አድርጎ ስለሚቆጥረው ለትዳር ጓደኛው እንኳ አይናገረውም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጥያቄውን በሥርዓት ለመመርመር ለሚፈልግ እንዲህ ላለ ሰው ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ ሲያብራራ፣ ማንነትን የመፈለግን ጉዳይ በዋናነት ከጉርምስና ጋር ቢያያይዘውም ጎልማሳው የራሱ ፈተና እንዳለበት አስተምሯል፤ ፈተናው ለተከታዩ ትውልድ የሚተርፍ ነገር መሥራት ወይም ባሉበት ደርቆ መቅረት ነው። የእርሱን ሐሳብ ያስፋፋው ጄምስ ማርሺያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት ሁለት ነገሮችን ለይቷል፦ አማራጮችን መመርመርና በመረጡት መጽናት። ሳይመረምር የጸና ሰው ሌሎች የሰጡትን ማንነት ተሸክሞ ይኖራል። የአገራችን ብዙ ጎልማሶች የተቸገሩት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የትምህርት ክፍሉን የፈተና ውጤትና ምደባ ወስኖለታል፣ የሥራ ቦታውን የተገኘው ክፍት መደብ፣ የጋብቻውን ጊዜ ደግሞ የወላጅ ጉትጎታ።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ደብተር ይያዙና የሕይወትዎን ትልልቅ ውሳኔዎች ይመዝግቡ፤ የተማሩት ትምህርት፣ የያዙት ሥራ፣ የሚኖሩበት ከተማ፣ ትዳርዎ፣ የሃይማኖት ሕይወትዎ፣ ገንዘብዎን የሚያወጡበት ነገር። ከእያንዳንዱ አጠገብ ውሳኔው የማን እንደነበረ በእውነት ይጻፉ፦ የራስዎ፣ የአባትዎ፣ የመንግሥት ወይስ የችግር። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከዚህ ይበልጣል፤ ያው ነገር ዛሬ እንደ አዲስ ቢቀርብልኝ እቀበለዋለሁን? ሌላ ሰው የወሰነው ሁሉ መጥፎ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሳይመርጥ መምህርነት ተመድቦ ከዓመታት በኋላ ሙያውን ከልቡ የወደደ ሰው ያን ማንነት ዛሬ መርጦታል ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ዓይነቱን ውሳኔ «የራሴ» በሚለው ስር ያስፍሩት። የማይቀበሉት ሆኖ ግን ግዴታ ያለብዎትን፣ ለምሳሌ የታናናሽ ወንድሞችዎን የትምህርት ወጪ፣ ለብቻው ይጻፉት። ያለ ማንም ጉዳት ሊተዉት የሚችሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገምቱት ይበዛል። ይህን ሥራ በአንድ ምሽት ለመጨረስ አይሞክሩ።

ደብተሩ የሚነግርዎ ግን ግማሹን ብቻ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው በወገኑም ጭምር ነውና። ወደ ትውልድ ቦታዎ ሲሄዱ እናትዎን፣ አክስትዎን፣ ያሳደጉዎትን ጎረቤት በልጅነትዎ ምን ያስደስትዎ እንደነበር፣ አያቶችዎ በምን ይታወቁ እንደነበር ይጠይቁ። በሐይቁ ዙሪያ ደንገል አስሮ ታንኳ መሥራት፣ ዓሣ ማስገር፣ ሽመናና ሸክላ ሥራ ቤተሰብ ያኖሩ ሙያዎች ሆነው ሳለ ለረጅም ዘመን ተንቀዋል፤ ከእነዚህ ቤቶች ወጥቶ የተማረ ሰው የወላጆቹን ሙያ በቢሮ ሳያነሳ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። በደል የደረሰበት ሰው ለምን እንደሚደብቅ እረዳለሁ፤ ሆኖም የአባትን ሙያ ለልጅ በስሙ ጠርቶ መንገር ማንነትን መልሶ የመያዝ ጠንካራ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ሙከራ ይከተላል። ዓላማ በማሰብ ብቻ አይገኝም፤ ሌሎች የሚጠብቁትን ሥራ ይዞ ሲሠሩት ይለያል። ከመደበኛ ሥራዎ ውጭ የሆነ አንድ ነገር መርጠው መነሻና ማብቂያ ቀን ይቁረጡለት፤ ሦስት ወር በቂ ነው። የቀበሌዎን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ማስጠናት፣ የእድሩን መዝገብ መያዝ፣ የታመሙ አረጋውያንን መጠየቅ፣ በዘመቻ ጊዜ እምቦጭ ማስወገድ ሊሆን ይችላል። (እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የዳርቻው ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል፤ ይህን ድካም ማንም አቅልሎ እንዳያየው እመኛለሁ።) በየሳምንቱ መጨረሻ ጥቂት መስመር ይጻፉ፦ ከደከምኩ በኋላ ተመልሼ ለመሄድ ፈቃዱ አለኝን? ማንም ባያመሰግነኝ እቀጥላለሁን? ለመሄድ በየጊዜው ራስዎን መለማመጥ ካስፈለገዎ በተቆረጠው ቀን ያቁሙና ሌላ ይሞክሩ።

ደመወዝዎን ለዚህ ሲሉ አይልቀቁ። ለሙከራ የሚሆን ጊዜ የሌለው፣ ለምሳሌ አልጋ የያዘች እናቱን የሚያስታምም ሰው ደግሞ ከዓላማ ውጭ ነኝ ብሎ እንዳያዝን። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈው ኦስትሪያዊው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ትርጉም በሥራ፣ በፍቅርና ማምለጥ የማይቻለውን መከራ በምንቀበልበት ሁኔታ እንደሚገኝ አስተምሯል፤ ማስታመም ሦስቱንም ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። የባዶነት ስሜቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ጉዳዩ የሕክምና ነውና ሳይዘገዩ ወደ ፈለገ ሕይወት፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የሞት ሐሳብ ሲኖር ደግሞ ብቻዎን አይሁኑ። ጸሎትና ጠበል ሕክምናን አይከለክሉም።

ሙከራው ከያዘልዎት በመጨረሻ ለአንድ ዓመት ይጽኑበት፤ ለዚህም ሌላ ነገር መተው ግድ ይላል። ከትዳር ጓደኛዎ ጋር የሚቀነሰው የየትኛው ቀንና የየትኛው ገንዘብ እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። ለይሉኝታ ብለው የያዙት የማኅበር ወይም የኮሚቴ ኃላፊነት ካለ በድንገት አይጥፉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው ያስታውቁ፣ ተተኪ እስኪመረጥ ይቆዩ፣ ሒሳቡንና መዝገቡን በምስክር ፊት ያስረክቡ።