ግዙፉን ኤኪድና ከልጆቻችሁ ጋር በካርቶን ለመሥራት

የምኖረው ፐርዝ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ ነው። ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት ልጆቼን ይዤ ወደ ማርጋሬት ሪቨር ወረድኩ። ከከተማዋ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ሲባል ማሞዝ የሚባል ዋሻ አለ። የአንድ የጠፋ ትልቅ እንስሳ መንጋጋ እስከ ዛሬ ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይታያል። የዘጠኝ ዓመት ልጄን የያዛት ግን ከዚያው ዋሻ አጥንቱ የወጣው ግዙፉ ኤኪድና ነው። ኤኪድና ገላው እሾህ የለበሰ እንስሳ ነው፤ ግዙፉ ዓይነት ዛሬ ጠፍቷል። ቤት እንደገባን «እማ፣ በቁመቱ ልክ እንሥራው» አለችኝ። ሠራነው። እናንተም መሥራት ከፈለጋችሁ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ለልጆቹ ጃርት እንዳልሆነ ንገሯቸው። እሾሁ ያሳስታል። ኤኪድና እንቁላል ይጥላል፤ ከእንቁላሉ የወጣውን ግልገል ደግሞ ወተት ያጠባል። እናቲቱ የጡት ጫፍ የላትም፤ ወተቱ ከሆዷ ቆዳ ላይ ያዣል፣ ግልገሉም ይልሰዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይፈጣል፤ እኔም ስነግራቸው ደስ ይለኛል።

አውስትራሊያ ውስጥ ዛሬ ያለው ኤኪድና ከ2 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። የጠፋው 1 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ ክብደቱም እስከ 30 ኪሎ ይገመታል። በ1914 ለሳይንስ ያስተዋወቀው የፐርዝ ሙዚየም ባለሙያው ሉድቪግ ግላወርት ነው። በ2022 ተመራማሪዎች ከሌሎቹ ኤኪድናዎች ለይተው ሙሬይግሎሰስ የሚል የሳይንስ ስም ሰጡት።

አሁን ዋናው ነገር። የተገኙት ጥቂት የእግርና የአከርካሪ አጥንቶች ናቸው። የራስ ቅሉ አልተገኘም። ስለዚህ ሞዴሉን የሚያይ ልጅ የታወቀውንና የተገመተውን መለየት አለበት። እኛ ራሱን ተነቃይ አድርገን ሠራነው፤ ቀለምም አልቀባነውም።

ገላውን ከዶሮ አጥር ሽቦ አብጁ። 75 ሴንቲ ሜትር በሚሆን በርሜል ቅርጽ ጠቅልሉትና ውስጡን በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉት። የሽቦው ጫፍ እጅ ይቆርጣል፤ ይህን ሥራ ለልጅ አትስጡ። ራሱና ረጅሙ አፍንጫው 25 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከካርቶን ጠቅልሉትና አንገቱ ላይ በሚገባ ቱቦ ሰኩት። አፉ ውስጥ ጥርስ አትሥሩ፤ ኤኪድና ጥርስ የለውም።

እግሩ ላይ ተሳስቼ ነበር። የዛሬውን ኤኪድና ፎቶ እያየሁ አጭርና ወደ ጎን የተንፈራጠጠ እግር ሠራሁለት። በኋላ ሳነብ የግዙፉ እግር ረዘምና ቀጥ ያለ መሆኑን አየሁ። ነቅዬ እንደገና ሠራሁ። የኋላ እግሩን ጥፍሮች ወደ ኋላ አዙሯቸው፤ ይህን ከዛሬዎቹ ወስደን ነው።

ለሙጫው 1 ብርጭቆ ዱቄት በ5 ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ቀጭን አጥሚት እስኪመስል አማስሉት። ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩበት። ጋዜጣውን በቁራጭ እየነከራችሁ ለጥፉ። አንድ ድርብ ለጥፋችሁ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጠብቁ። እኔ ቸኩዬ በአንዴ አራት ድርብ ደረብኩና ውስጡ ሻገተ፤ መጣል ነበረብኝ። ሦስት ድርብ፣ በሦስት ቀን፣ ፀሐይ ላይ። አለቀ።

እሾሁን ሥጋ ከሚሰካበት ቀጭን የቀርከሃ እንጨት አወጣነው። 5 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡት። ሹል ጫፉን ወደ ውስጥ ሰኩት፤ ደንዳናው በውጭ ይቅር፣ ልጆች መደባበሳቸው አይቀርም። ብዛቱን ስንወስን ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው በኒው ጊኒ ደሴት ያሉትን ባለ ረጅም አፍንጫ ኤኪድናዎች ተከተልን። እነሱ ጸጉራቸው ይበዛል፣ እሾሃቸው ያንሳል። ለጸጉሩ የቡና ጆንያ ፈትተን ክሩን በኮላ ለጠፍን። ቡናማ መልኩ ራሱ ልክ ስለሆነ ቀለም አላስፈለገውም።

የግራ ጎኑን ግን ጸጉርም እሾህም ሳናለብስ ተውነው። እዚያ ላይ ልጄ የእግሩንና የአከርካሪውን አጥንቶች በነጭ ቀለም ሣለች። ከሞዴሉ ሁሉ የምወደው ይህን ጎኑን ነው።

ክብደቱን ለማሳየት አጠገቡ ባለ 5 ኪሎ የዱቄት ከረጢትና ሦስት ባለ 10 ኪሎ የሩዝ ከረጢቶች አስቀምጡ። አንዱ የዛሬው ነው፣ ሦስቱ የድሮው። ልጆቹ ያንሱት፤ ሦስቱን አንድ ላይ ማንም አያነሳም።

ክፍሏ ይዛው የሄደች ቀን አንድ ልጅ «ራሱ ለምን ቀለም የለውም?» ብሎ ጠየቃት። ነቀለችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ይሄ ገና አልተገኘም» አለችው።